ባጅ የሌለው ተማሪ ራጅ ክፍል አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ራዲዮግራፊ፣ ማለትም ራጅ የማንሳት ሙያ፣ የምማር የ3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለተኛው ሴሚስተር ሊጀመር ነው። ምዝገባ ጨርሰናል፤ የሮቴሽን፣ ማለትም በየሆስፒታል ክፍሉ እየተዘዋወርን የምንለማመድበት፣ ድልድሉም ቦርድ ላይ ተለጥፏል። ለእኔ ቡድን መጀመሪያ የደረሰው ኦፕሬሽን ክፍል ነው። ከዚያ ድንገተኛ ክፍል፣ ከዚያ ሲቲ ስካን እንቀጥላለን። ድልድሉን ሳይ ደስ አለኝ። ሙያዬን እወደዋለሁ። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለዚያ ነገር ተማሪ ወደ ሆስፒታል ለሚልኩና ተማሪ ለሚቀበሉ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ልጆቻቸውን ለሚያስተምሩ ወላጆች መጻፍ ፈለግሁ።

ነገሩ ባጅ ነው። ሙሉ ስሙ የግል ዶዚሜትር ነው፤ ራጅ ክፍል ውስጥ ግን ሁሉም ባጅ ይለዋል። ደረት ላይ የሚሰካ ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ነው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዓይነት ውስጡ ሊትየም ፍሎራይድ የሚባል ክሪስታል አለው። ክሪስታሉ ጨረር ሲያርፍበት ጉልበቱን ይዞ ያስቀምጣል። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ይሰበሰብና ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲሞቅ ይደረጋል። ሲሞቅ ብርሃን ይሰጣል። ከብርሃኑ መጠን ተነስተው ባለቤቱ ምን ያህል ጨረር እንደደረሰበት ያሰላሉ። ከዚያ ክሪስታሉ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል። ባጅ ጨረር አይከለክልም። እንደ ቤታችን የመብራት ቆጣሪ ነው፤ ቆጣሪ መብራት አይቆጥብም፣ ምን ያህል እንደተጠቀምን ግን ያለ እሱ አናውቅም።

ባለፈው ሴሚስተር የመጀመሪያ ሮቴሽናችንን ስንወጣ ባጅ አልነበረንም። ያኔ የተመደብነው ተራ ራጅ ክፍል ስለነበር ብዙ አላሳሰበንም። ኤክስፖዠር ሲደረግ፣ ማለትም ጨረሩ ሲለቀቅ፣ ከመቆጣጠሪያው ግድግዳ ጀርባ እንቆማለን፤ ግድግዳው ጨረር የሚያግድ እርሳስ የሚባል ከባድ ብረት አለው። አሁን ግን የምንሄደው ኦፕሬሽን ክፍል ነው። እዚያ የምንጠለልበት ግድግዳ የለም።

ላስረዳ። አጥንቱ የተሰበረ ሰው ኦፕሬሽን ሲደረግ ሐኪሙ ብረቱ በትክክል መግባቱን በየደቂቃው ማየት አለበት። ለዚህ ሲ-አርም የሚባል ማሽን አለ። ቅርጹ ቅስት ነው፤ በአንዱ ጫፍ የጨረሩ ቱቦ፣ በሌላው ጫፍ ምስል ተቀባዩ። ታካሚው መሃል ላይ ይተኛል። ማሽኑን የሚነዳው ራዲዮግራፈሩ ነው። ሐኪሙ «አሳየኝ» ባለ ቁጥር ፔዳል ይረገጣል፣ ምስሉ ስክሪን ላይ ይመጣል። ጨረሩ ታካሚው ሰውነት ላይ ሲያርፍ ከፊሉ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። በክፍሉ ውስጥ ያለውን ባለሙያ የሚያገኘው በዋናነት ይህ ከታካሚው የሚበተነው ጨረር ነው። ለዚህ ነው ቱቦው ከጠረጴዛው በታች እንዲሆን የምንማረው፤ የሚበተነው ወደ ፊትና ወደ ዓይን ሳይሆን ወደ ወለሉ እንዲያመዝን። ምስል ተቀባዩ ወደ ታካሚው መጠጋት አለበት። በጎን ሲነሳ ደግሞ በቱቦው በኩል ሳይሆን በተቀባዩ በኩል መቆም ይሻላል። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለትም ትልቅ ነገር ነው። ርቀት እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ጨረር ወደ ሩብ ይወርዳል። ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ሜትር ማፈግፈግ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ክፍል ውስጥ ተምረናል፣ ተፈትነናልም። መውጫ ፈተና ላይም ሊመጣ ይችላል። ባለሙያ በዓመት በአማካይ ከ20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በላይ እንዳያገኘው፣ አማካዩ የሚወሰደው በ5 ዓመት እንደሆነ፣ በአንድ ዓመት ደግሞ ከ50 እንዳያልፍ በቃላችን ይዘናል። በጨረር ሥራ ላይ ላልሆነ ሰው ደግሞ ከተፈጥሮና ከራሱ ሕክምና ከሚያገኘው ውጭ ገደቡ በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። የዓይን ሌንስ ገደብ ድሮ 150 እንደነበረና እ.ኤ.አ. በ2011 ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ወደ 20 ዝቅ እንዲል እንደመከረ እናውቃለን። ቁጥሩን እናውቃለን፤ የራሳችንን ቁጥር ግን አናውቅም። የሚለካልን የለም።

በነገራችን ላይ ይህን ስጽፍ ሰው ራጅ እንዲፈራ አልፈልግም። እናቴ ደሴ ነው ያለችው። በደወልኩ ቁጥር ትጠይቀኛለች። «ልጄ፣ ያ ጨረር መሃን ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው?» ትላለች። የምመልስላት እንዲህ ነው። እማዬ፣ ጨረር ከአፈርም፣ ከድንጋይም፣ ከሰማይም ይመጣል። በዓለም ላይ ያለ ሰው በአማካይ በዓመት ከ2 እስከ 3 ሚሊሲቨርት ያህል ከተፈጥሮ ያገኘዋል። አንድ የደረት ራጅ 0.1 ወይም ከዚያ በታች ነው። መሃን ለማድረግ የሚያስፈልገው መጠን ከዚህ እጅግ እጅግ የራቀ ነው። ማሽኑ ሲጠፋም ጨረሩ ክፍሉ ውስጥ አይቀርም፤ አምፖል ሲጠፋ ብርሃኑ እንደማይቀረው ሁሉ። ይህን ለጽዳት ሠራተኞችም ነግሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ ክፍሉን ሲያጸዱ ይሳቀቃሉ። ሐኪም ራጅ ካዘዘ ታካሚ ይነሳ፤ በሽታው ሳይታወቅ መቅረቱ ነው የሚጎዳው። የእኛ ጉዳይ ሌላ ነው። ታካሚ አንዴ ተነስቶ ይሄዳል። እኛ በየቀኑ እዚያው ነን፤ ዕድሜ ከሰጠን ደግሞ ለ30 እና ለ40 ዓመት። ትንሽ ትንሹ የሚጠራቀመው በእኛ ላይ ነው፤ ምዝገባው ከመጀመሪያው ቀን መጀመር ያለበት ለዚህ ነው። እናቴ ይህን ሰምታ ዝም ትላለች። ከዚያ «ታዲያ አንቺንስ ማን ይጠብቅሻል?» ትለኛለች። ለዚህኛው የምመልሰው የለኝም።

ሮቴሽን ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገር። ብዙ ሰው ራጅ የሚያነሳው ማሽኑ ይመስለዋል። ታካሚው ይገባል፣ ይቆማል፣ ጠቅ ይላል፣ ይወጣል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የደረት ራጅ ላይ ታካሚው ደረቱን ሰሌዳው ላይ ያስጠጋል፤ እጁን ወገቡ ላይ ያደርግና ትከሻውን ወደ ፊት ይጥላል። ትከሻው ካልመጣ የትከሻ አጥንቱ ሳንባው ላይ ይደረባል። ቱቦው 180 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይቆማል፣ ልብ ከመጠኑ በላይ ገዝፎ እንዳይታይ። ከዚያ «በደንብ አየር ይሳቡ… ይያዙት!» ይባላል። በጥሩ ራጅ ላይ ከድያፍራሙ (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) በላይ 10 ያህል የኋላ ጎድኖች ይቆጠራሉ። ታካሚው ትንፋሹን ካልያዘ ሳንባው አይከፈትም። ያኔ ይደገማል። መድገም ማለት ለታካሚው ሁለተኛ ጨረር ማለት ነው፤ ደግፎት ለቆመውም እንደዚያው።

ስለዚህ ጨረር የሚቀነሰው በእርሳስ ብቻ አይደለም። በአነጋገርም ይቀነሳል። ባለፈው ሴሚስተር ከገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ሳል አለባቸው፣ ደረት ታዞላቸዋል። አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ማተቡ ላይ ትልቅ የብረት መስቀል አለ። ጸጉራቸው ሹሩባ ነው፣ ትከሻቸው ላይ ወርዷል። አንድ የክፍል ጓደኛዬ «ያውልቁት» አለቻቸው። እናትየዋ ማተባቸውን በእጃቸው ጨብጠው ወደ በሩ ዞሩ። «ከምሞት በኋላ ካልሆነ አይበጠስም» አሉ። የሚያስተምረን ራዲዮግራፈር ከመቆጣጠሪያው ወጣ። እድሜው የገፋ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ ሁላችንም ጋሼ እንለዋለን። «እማማ፣ ማን ይበጥሰዋል? ክሩ ምንም አይለን። መስቀሉን ብቻ ወደ ላይ ሳብ አድርገው ከንፈርዎ ላይ ይያዙልኝ፤ እንደተሳለሙት ይሁን» አላቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። መስቀሉን ስመው ያዙት። ሹሩባውን ጋሼ እንድሰበስበው ነገረኝ፤ ሰብስቤ በሻሻቸው ወደ ላይ አሰርኩት። ትንፋሻቸውን ያዙ፣ በአንድ ጊዜ ተነሳ።

ከወጡ በኋላ ጋሼ ምክንያቱን ነገረን። ሹሩባ ትከሻ ላይ ሲወርድ በሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል። ቲቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው በላይኛው የሳንባ ክፍል ነው። አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከመዘገባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። ሐኪሙ ያንን ጥላ አይቶ ሊጠራጠር ይችላል፤ ወይም እውነተኛውን በሽታ ጥላው ሊሸፍነው ይችላል። ይህንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሮቴሽን የግድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። እኔም ከጋሼ ብዙ ለመማር ስል ነው ወደ ሆስፒታል ስሄድ ደስ የሚለኝ። በኦሮምኛ «ትንፋሽ ይያዙ» ማለትን የተማርኩት እዚያው ተራ ከሚጠብቁ ታካሚዎች ነው።

ጋሼ አንድ ቀን ሌላም ነገር አሳየን። ሊድ አፕሮን የምንለው እርሳስ ያለበት ከባድ ጋዋን አለ። ተዘርግቶ ወይም በወፍራም ማንጠልጠያ ተሰቅሎ መቀመጥ አለበት፤ መታጠፍ የለበትም። እኛ የነበርንበት ክፍል ግን ወንበር ላይ ተጣጥፎ ይወረወር ነበር። ጋሼ አንዱን አነሳና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ሁላችንንም ከግድግዳው ጀርባ አስገባን። ጋዋኑን ራሱን ራጅ አነሳው። ምስሉ ሲመጣ ጋዋኑ ነጭ ሆኖ ታየ፤ ጨረሩን አግዶታል ማለት ነው። ወገቡ ላይ ግን፣ ሁልጊዜ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ጥቁር መስመር ከዳር እስከ ዳር ተጋድሟል። ስንጥቅ ነው። ከአጠገቡ ሁለት ቀጫጭን ቅርንጫፎች ወጥተዋል። ከውጭ ሲያዩት ጨርቁ ደህና ነው። አንዲት ልጅ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አየችው። ያንን ጋዋን ሳምንቱን ሙሉ ስትለብሰው የነበረችው እሷ ናት። ጋሼ ጋዋኑን ለይቶ ወረቀት ለጠፈበት፤ «አይለበስ» ብሎ። በማግስቱ ወረቀቱ ወልቆ ጋዋኑ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ነበር። ሌላ ስላልነበረ ነው። ማንንም ክፉ ለማለት አይደለም፤ ግን እንደዚያ ነው።

ባጆቹንም አይቻለሁ። መቆጣጠሪያው ክፍል ግድግዳ ላይ ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። የተወሰኑት ሥራ የለቀቁ ሰዎች ባጆች ናቸው። የተወሰኑት ባለቤቶች ደግሞ ባጃቸውን ደረታቸው ላይ ሳይሆን ምስማሩ ላይ ትተው ይሠራሉ። ምስማር ላይ የተሰቀለ ባጅ የሚለካው ግድግዳው ጋ የሚደርሰውን ጨረር ነው። ከእኛ መካከል አንዱ «ያንን ትርፍ የሆነውን ልዋስ?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ከለከለው። ልክ ነው። የአንዱን ባጅ ሌላው ከለበሰው የማንም መዝገብ እውነት አይሆንም።

አሁን ደግሞ በጣም ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ተማሪ በብዙ ቦታ «ያዥ» ተደርጎ ይወሰዳል። ሕፃን አልረጋ ሲል፣ ሽማግሌ መቆም ሲያቅተው፣ ሰክሮ የተፈነከተ ሰው ሲመጣ «አንቺ፣ ገብተሽ ያዢልኝ» ይባላል። ተማሪ እምቢ አይልም። ውጤት የሚሰጠው ያ ሰው ነው፤ ሎግቡክ በሚባለው የልምምድ መዝገባችን ላይ የሚፈርመውም እሱ ነው። የተማርነው ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያ ትራስና ማሰሪያ ይሞከራል። ካልሆነ አስታማሚ ይይዛል፤ እርጉዝ አለመሆኗ ተጠይቆ፣ አፕሮን ለብሳ፣ እጇ ቀጥተኛው ጨረር ውስጥ እንዳይገባ ተደርጎ። በጨረር ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ታካሚ የመያዝ ልማድ ሊኖረው አይገባም፤ ምክንያቱም አስታማሚዋ በዓመት አንዴ ትይዛለች፣ እሱ ግን በየቀኑ ሊይዝ ነው። ተማሪም በዚህ ውስጥ ነው። አንዳንድ ጊዜ አፕሮኑ ለአስታማሚዋ ይሰጥና ተማሪው እንዲሁ ይቆማል። ባጅ ስለሌለው ያ ቀን የትም አይመዘገብም።

አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ደግሞ ባለፈው ሴሚስተር እርጉዝ ነበረች። ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረች ሮቴሽን ይቀርባታል ብላ ፈራች። ሮቴሽን ከቀረ ሴሚስተሩ ይዘላል፣ ሴሚስተሩ ከዘለለ ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ትቀራለች። ለባሏም ለቤተሰቧም ያ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሰፊ ጋዋን ለበሰች፣ «ያዢ» ሲባል ሽንት ቤት እሄዳለሁ እያለች ትወጣለች። እኔ ያወቅሁት ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አግኝቻት ነው። ልጇ ደህና ተወልዷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ሁሉ ጭንቀት ግን አያስፈልግም ነበር። እርግዝናዋን ያሳወቀች የጨረር ሠራተኛ ከሥራ አትባረርም። የሚባለው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክትወልድ ድረስ ጽንሱ ከ1 ሚሊሲቨርት በላይ እንዳያገኘው ሥራዋ ይስተካከል ነው። ለተማሪ ማስተካከል ደግሞ ከዚህ ይቀላል። አልትራሳውንድ በድምፅ ሞገድ ነው የሚሠራው፤ ኤምአርአይ በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ። ሁለቱም የራጅ ጨረር የላቸውም። የሮቴሽኑን ቅደም ተከተል ማገላበጥ ብቻ ነው፤ አልትራሳውንዱ ይቅደም፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ ከወለደች በኋላ ይሁን። ይህን የሚል አንድ አንቀጽ በተማሪ መመሪያ ውስጥ ቢኖር እሷ ደረጃ ላይ አታለቅስም ነበር።

የባጁን ነገር ጠይቀናል። ዝም አላልንም። የክፍል ተወካያችን ዲፓርትመንት ሄደ። «ባጅ የሚሰጠው ሆስፒታሉ ነው፤ ጨረሩ ያለው እዚያ ነው» ተባለ። ሆስፒታል ሄደ። «እኛ ባጅ የምንሰጠው ለተቀጠረ ሰው ነው፤ እናንተ የትምህርት ቤታችሁ ናችሁ» ተባለ። ሁለቱም ያሉት ከየራሳቸው ወንበር ሲታይ ስሜት ይሰጣል። ችግሩ መሃል ላይ የቀረነው እኛ መሆናችን ነው። የሠራተኛ ዝርዝር ላይ የለንም፣ የታካሚ ዝርዝር ላይም የለንም። ጨረሩ ግን ዝርዝር አይቶ አይመርጥም።

ይህ መሃል ላይ የመውደቅ ነገር አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፊዚስት ሮንትገን ኤክስሬይን (የራጁን ጨረር) ያገኘው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1895 ነው፤ በታኅሣሥ 22 የሚስቱን እጅ አነሳ። በወራት ውስጥ ዓለም ሁሉ ማሽኑን ይሠራ ጀመር። ብዙ ከተጎዱት ውስጥ ረዳቶች ነበሩ። የቶማስ ኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ ቱቦውን በየቀኑ በእጁ ይሞክር ነበር። እጁ ቆሰለ፣ ካንሰር ሆነ፣ ሁለቱም እጆቹ ተቆረጡ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ኤዲሰንም በረዳቱ ላይ የደረሰውን አይቶ የራጅ ሥራውን ተወ። እ.ኤ.አ. በ1936 ሃምቡርግ ውስጥ በጨረር ሥራ ላይ ሕይወታቸውን ላጡ ሰዎች ሐውልት ቆመ፤ ሐኪሞችም፣ ፊዚስቶችም፣ የላቦራቶሪ ሠራተኞችም፣ ነርሶችም ተጽፈውበታል። የዛሬው ማሽን ከያኔው ጋር አይወዳደርም፤ የዳሊ ዓይነት ነገር ዛሬ ይደርሳል እያልኩ አይደለም። ማለት የፈለግሁት ሕጉ የመጣው በእነዚያ ሰዎች እጅ ነው። ገደቡን፣ ግድግዳውን፣ ባጁን የሰጡን እነሱ ናቸው።

ሕጉ ደግሞ ተማሪን አልረሳም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው መሠረታዊ የደኅንነት ደረጃ ስለ ተማሪ በግልጽ ይናገራል። ከ16 እስከ 18 ዓመት ላሉ በጨረር ሙያ ለሚሠለጥኑ ተማሪዎች የተለየ ገደብ አስቀምጧል፤ በዓመት 6 ሚሊሲቨርት። ኢትዮጵያ የኤጀንሲው አባል የሆነችው ገና ሲቋቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። የራሷን የጨረር መከላከያ ተቋም በአዋጅ ያቋቋመችውም እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እንግዲህ የሚጎድለን ሕግ አይደለም።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ባጁን ተማሪውን የሚልከው ትምህርት ቤት ይስጥ፣ በተማሪው ስም። ለምን ትምህርት ቤቱ? እኛ በየጥቂት ሳምንቱ ሆስፒታል እንቀይራለን። ሆስፒታሉ ከሰጠን በተቀየርን ቁጥር መዝገባችን ይቆራረጣል። ከትምህርት ቤቱ ከሆነ ግን ባጁ ከእኛ ጋር ይዞራል፤ ተመርቀን ስንቀጠርም መዝገቡ ለአሠሪው ይተላለፋል። ሎግቡካችን ላይ አንድ ዓምድ ይጨመር። ዛሬ ሎግቡኩ ምን ያህል ደረት፣ ምን ያህል አከርካሪ፣ ምን ያህል እጅና እግር እንዳነሳን ይጠይቃል። በየሦስት ወሩ የተነበበው ዶዝም፣ ማለትም የደረሰብን የጨረር መጠን፣ እዚያው ይጻፍ፣ መምህሩም ይፈርምበት። ሆስፒታሉ በበኩሉ ባጅ የሌለውን ተማሪ ኦፕሬሽን ክፍልና ራጅ ክፍል አላስገባም ይበል፤ ይህ ለሆስፒታሉ ወጪ የለውም። አፕሮኖቹ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ራጅ ተነስተው ይፈተሹ፤ የተሰነጠቀው ይወገድ። ተማሪ ታካሚ እንዳይዝ በጽሑፍ ይታዘዝ፣ ተማሪው «አልይዝም» ሲል የሚያሳየው ወረቀት እንዲኖረው። የእርግዝናውንም አንቀጽ ከላይ ጽፌዋለሁ።

ስለ ወጪው የሚያነሳ ሰው ይኖራል። ገባኝ። አገሪቱ ውስጥ ማሽን ተበላሽቶ ታካሚ በየሆስፒታሉ የሚንከራተትበት ጊዜ አለ፤ መለዋወጫ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ባጁ ግን ክሪስታሉ ብዙ ጊዜ እየተመለሰ ይሠራል። የክፍላችን ተማሪዎች ደግሞ በአንድ ሚኒባስ የምንጫን ነን። ከመመዝገቢያ ክፍያችን ላይ ይጨመር ቢባል እንኳ ብዙዎቻችን እናዋጣለን፤ በቡድናችን ተነጋግረንበታል። የሚያስቸግረው ገንዘቡ አይደለም፤ «የእኔ ኃላፊነት ነው» ብሎ ፈርሞ የሚወስድ ጽሕፈት ቤት ማጣታችን ነው።

በሙያው ላይ ያሉ ታላላቆቻችንም አንድ ነገር ያግዙን። ባጃችሁን ከምስማሩ አውርዳችሁ ልበሱት። ተማሪ የሚያየውን ነው የሚያደርገው። ጋሼ ባጁን ጠዋት ከጋዋኑ በፊት ይሰካል፤ አፕሮን ሲለብስ ደግሞ የት ላይ እንደሚያደርገው ያሳየናል። ከእሱ ጋር የሠራን ልጆች ዛሬ ባጅ የምንጠይቀው እሱን አይተን ነው።

ሮቴሽኑ የሚጀምረው ሰኞ ነው። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚመሳሰል ማመልከቻ፣ የክፍላችን ተማሪዎች ፊርማ ያለበት፣ ለዲፓርትመንታችንም ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅም አስገብተናል። ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እንዲነጋገሩና ቢያንስ ኦፕሬሽን ክፍል ለሚገባው የመጀመሪያ ቡድን ባጅ እስኪገኝ ቅደም ተከተሉ እንዲቀየር፣ አልትራሳውንድ እንዲቀድም ጠይቀናል። ዝግጅት ክፍላችሁም የሚመለከታቸውን አካላት ጠይቆ መልሳቸውን ቢያስነብበን በሌሎች ከተሞች ያሉ የሙያ ጓደኞቻችንም ይጠቀማሉ። እኛ የምናገኘውን መልስ፣ አዎንታም ይሁን አሉታ፣ እጽፍላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የራዲዮግራፊ የ3ኛ ዓመት ተማሪ
አዲስ አበባ